ዋስ የሆነው መዝገብ

በአሜሪካ ባንኮች ዘንድ «ፕሪአፕሩቫል» ወይም ቅድመ ማጽደቅ የሚባለው አሠራር፣ ባንኩ አመልካች እስኪመጣለት ሳይጠብቅ፣ በብድር መዝገብ ከሰፈሩት ሚሊዮኖች መካከል የሚፈልጋቸውን ዓይነት ሰዎች አስቀድሞ አጣርቶ በስማቸውና በአድራሻቸው የክሬዲት ካርድ ግብዣ የሚልክበት ነው። ግብዣው የሚደርሳቸው ሰዎች ብዙውን ጊዜ እንደ ዕድል፣ የማይደርሳቸው ደግሞ እንደ ንቀት ይቆጥሩታል፤ ይሁን እንጂ ሁለቱም ልክ አይደሉም፤ ምርጫውን የሚያካሂደው የሰውየውን ሀብት፣ ትምህርት ወይም ጠባይ የሚያውቅ ሹም ሳይሆን፣ ሌሎች አበዳሪዎች ስለ እርሱ ከዚህ ቀደም ያስመዘገቡትን ብቻ የሚያነብ የኮምፒዩተር ወንፊት ነውና።

ኢትዮጵያዊ አንባቢ ይህን ለመረዳት ከሚያውቀው ቢነሣ ይቀለዋል። በአገር ቤት ልማድ ብድር የሚጸናው በሰው ነው፤ ተበዳሪው ዋስ ይጠራል፣ አበዳሪውም ከተበዳሪው ኪስ ይልቅ የዋሱን ስም አምኖ ገንዘቡን ይሰጣል፤ ጉዳዩ በባንክ የሚያልቅ ሲሆን ደግሞ ቤት ወይም መኪና በመያዣነት ይቀርባል። የአሜሪካው ክሬዲት ካርድ በአብዛኛው ዋስም መያዣም የሌለው ብድር ስለሆነ፣ በሁለቱ ፈንታ የሚቆመው የተበዳሪው የቀድሞ አከፋፈል የተጻፈበት ሰነድ፣ ማለትም «ክሬዲት ሪፖርት» የሚባለው የብድር ታሪክ መዝገብ ነው። ይህ ዋስ ይሉኝታ የለውም፤ አያዝንም፣ ምክንያት አይሰማም፣ ያልተነገረውንም አያውቅም። ስለዚህ የባንክ ግብዣ እንዲመጣለት የሚፈልግ ሰው ዋና ሥራው ባንኩን ማሳመን ሳይሆን፣ ስለ እርሱ ማን፣ መቼና በምን ስም ለመዝገቡ እንደሚናገር ማወቅ ነው።

አሠራሩ ዛሬ የያዘውን መልክ ያገኘው ከአንድ ትልቅ ስሕተት በኋላ ነው። ባንክ ኦፍ አሜሪካ በሴፕቴምበር 1958 (ዓመታቱ በዚህ ጽሑፍ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ፍሬዝኖ በተባለችው የካሊፎርኒያ ከተማ ወደ 60,000 ያህል ካርዶችን ማንም ሳይጠይቀው በፖስታ አደለ፤ የተላከው ግብዣ ሳይሆን ለግዢ የተዘጋጀ ካርድ ነበር። ሌሎች ባንኮችም ይህንኑ መንገድ ሲከተሉ፣ ካርዶች ከፖስታ ሳጥን እየተሰረቁ፣ ባለቤቶቻቸውም በማያውቁት ዕዳ እየተጠየቁ፣ መክፈል የማይችሉ ሰዎች ሳይቀሩ ካርድ እየደረሳቸው ስሞታው በዛ። ኮንግረስ በ1970 ያልተጠየቀ ክሬዲት ካርድ መላክን ከለከለ፤ በዚያው ዓመትም የብድር መዝገብ የሚይዙ ድርጅቶች የሚተዳደሩበትን ሕግ አወጣ። በ1996 ይህ ሕግ ሲሻሻል፣ ባንኮች ካርዱን ሳይሆን ግብዣውን፣ ያውም በተወሰነ ሥርዓት ብቻ፣ መላክ እንደሚችሉ በግልጽ ተደነገገ።

ሥርዓቱ እንዲህ ነው። የአሜሪካውያንን የብድር ታሪክ በዋናነት የሚይዙት «ክሬዲት ቢሮ» የሚባሉ ሦስት የግል ኩባንያዎች ናቸው፤ እነርሱም በ1899 ለነጋዴዎች የደንበኞችን አከፋፈል እየሰበሰበ በመሸጥ ሥራ የጀመረው የአትላንታው ኢኩዊፋክስ፣ ኤክስፒሪያንና የቺካጎው ትራንስዩኒየን ናቸው። ካርድ ሊሸጥ የተነሣ ባንክ ከነዚህ ወደ አንዱ ሄዶ መለኪያውን ይሰጣል፤ ለምሳሌ ወደ በኋላ የምናየው የብድር ነጥቡ ከዚህ እስከዚህ የሆነ፣ በቅርብ ዓመታት ኪሳራ ያላወጀ፣ ክፍያ ያላሳለፈ፣ ካርዱን እስከ አፉ ያልሞላ ብሎ ይዘረዝራል። ክሬዲት ቢሮው ደግሞ መለኪያውን ያለፉትን ሰዎች ስምና አድራሻ አውጥቶ ይሰጠዋል። ባንኩ በዚህ መንገድ ስም ከወሰደ በኋላ ግብዣው የይስሙላ እንዲሆን ሕጉ አይፈቅድለትም፤ ተጋባዡ ሲመረጥ የነበረውን መለኪያ አሁንም የሚያሟላ ከሆነ ብድሩን ሊሰጠው ይገደዳል። እንዲህም ሆኖ ባንኩ የማጣራት መብቱ አይቀርበትም። በምርጫውና በማመልከቻው መካከል ባሉት ሳምንታት ሰውየው ክፍያ አሳልፎ እንደሆነ ያያል፤ አስቀድሞ ባስቀመጠው መለኪያ መሠረት ገቢውንም ይጠይቃል። ቀድሞ ጸድቋል የተባለ ሰው በመጨረሻው ሰዓት የሚከለከለው በዚህ ምክንያት ነው፤ ገቢ በክሬዲት ሪፖርት ላይ ስለማይሰፍር፣ ባንኩ የሰውየውን ደሞዝ የሚያውቀው ሰውየው ማመልከቻውን ሲሞላ ብቻ ነው።

ከዚህ ጋር የሚምታታው «ፕሪኳሊፊኬሽን» የተባለው ነው። በዚህኛው ሰውየው ራሱ ወደ ባንኩ ድረ ገጽ ገብቶ ስሙን፣ አድራሻውንና ብዙውን ጊዜ የሶሻል ሴኪዩሪቲ ቁጥሩን የመጨረሻ አራት አኃዞች ሰጥቶ የሚስማማው ካርድ እንዳለ ያስፈትሻል። ባንኮች ሁለቱን ስያሜዎች እንዳሻቸው እያለዋወጡ ስለሚጠቀሙባቸው ስሙ ብዙም አያስተማምንም፤ ቁም ነገሩ በሁለቱም ጊዜ መዝገቡ የሚታየው በቀላል ፍተሻ መሆኑ ነው። ቀላል ፍተሻ ባለቤቱ ብቻ የሚያየው፣ ነጥብም የማይቀንስ ነው። ከባድ ፍተሻ የሚመጣው ሰውየው በይፋ ሲያመለክት ሲሆን፣ እርሱ በመዝገቡ ላይ 2 ዓመት ይቆያል፣ ነጥብንም በጥቂቱ ይነካል። ስለዚህ ድረ ገጽ ላይ አስቀድሞ ማስፈተሽ በነጥብ በኩል የሚያስከፍለው ነገር የለም፤ ተስፋ ቆርጦ በአንድ ሳምንት ለአምስት ባንክ ማመልከት ግን ያስከፍላል።

ወንፊቱ ከምንም በላይ የሚያየው «ክሬዲት ስኮር» የተባለውን ነጥብ ነው። በ1956 መሐንዲሱ ቢል ፌርና የሒሳብ ሊቁ ኧርል አይዛክ ያቋቋሙት ኩባንያ በ1989 ባወጣው ስሌት፣ ማለትም በፋይኮ ነጥብ፣ የአንድ ሰው መዝገብ ከ300 እስከ 850 ባለው አኃዝ ይጠቃለላል፤ ከ670 ጀምሮ ያለው ጥሩ፣ ከ740 በላይ ያለው በጣም ጥሩ ይባላል። ከነጥቡ 35 በመቶ የሚሆነው በጊዜ በመክፈል፣ 30 በመቶው በዕዳ መጠን፣ 15 በመቶው በታሪኩ ርዝመት፣ የቀሩት ሁለት አሥር አሥር በመቶዎች ደግሞ አዲስ ብድር በመጠየቅና በብድሮቹ ዓይነት ይወሰናሉ። በጊዜ መክፈልን በተመለከተ ብዙ ማብራሪያ አያስፈልግም፤ አንድ ክፍያ 30 ቀን ሲያልፈው ለክሬዲት ቢሮ ሊነገር ይችላል፣ ከተነገረም 7 ዓመት ይቆያል፤ ቢያንስ ዝቅተኛው ክፍያ በየወሩ ከባንክ ሒሳብ በራሱ እንዲቆረጥ ማድረግ ይህን አደጋ ያስወግዳል።

ብዙ ጥንቁቅ ሰዎችን የሚያስተው ሁለተኛው ነው። የዕዳ መጠን ሲባል ዶላሩ ብቻ ሳይሆን፣ በዋናነት ከተፈቀደው ጣሪያ ውስጥ ምን ያህሉ ተይዟል የሚለው ንጽጽር ነው፤ በመዝገቡ ላይ የሚሰፍረው ደግሞ ብዙውን ጊዜ የወሩ መግለጫ በተዘጋበት ቀን የነበረው ዕዳ ነው። የብድር ጣሪያው 1,000 ዶላር የሆነ ሰው በወሩ ውስጥ በ800 ዶላር ዕቃ ገዝቶ፣ መግለጫው ከደረሰው በኋላ በመክፈያው ቀን አንድ ሳንቲም ሳያስቀር ቢከፍል፣ ወለድ አይከፍልም፣ ዕዳም አይኖርበትም፤ ሆኖም ክሬዲት ቢሮው የሚያውቀው ካርዱ 80 በመቶ ተሞልቶ እንደነበር ነው፤ ወንፊቱም ይህን ሰው በዕዳ ከተዋጠ ሰው ለይቶ አያየውም። መፍትሔው ቀላል ነው፤ መግለጫው ከመዘጋቱ ሁለት ሦስት ቀን ቀደም ብሎ አብዛኛውን መክፈል። በሕጉ መሠረት መግለጫው የሚላከው ከመክፈያው ቀን ቢያንስ 21 ቀን አስቀድሞ ስለሆነ፣ በሁለቱ ቀኖች መካከል ያለው ርቀት ትንሽ አይደለም። ከጣሪያው 30 በመቶ አይለፍ የሚለው ምክር በሰፊው ይነገራል፤ ከፍተኛ ነጥብ ያላቸው ሰዎች ግን ብዙውን ጊዜ ከ10 በመቶ በታች የሚጠቀሙ ናቸው። ጣሪያው 300 ዶላር ለሆነ አዲስ መጤ 10 በመቶ ማለት 30 ዶላር ነው፤ አንድ ከረጢት ጤፍ ብቻውን ወሰኑን ያሳልፋል፤ በዚህ ደረጃ ላይ ያለ ሰው በወር ሁለት ጊዜ እየከፈለ ካርዱን ባዶ ማድረግ ይኖርበታል።

እነዚህ ሁሉ መዝገብ ላለው ሰው ነው። መዝገብ የሌለውስ? በዲቪ ወይም በስደት የመጣ ሰው አሜሪካ ሲገባ ነጥቡ ዝቅተኛ አይደለም፤ ጭራሹኑ ነጥብ የለውም። የፋይኮ ስሌት አንድን ሰው ለመመዘን ቢያንስ 6 ወር የሞላው አንድ የብድር ሒሳብና ባለፉት 6 ወራት ውስጥ ለክሬዲት ቢሮ የተላከ አንድ መረጃ ይፈልጋል። በዋሽንግተን አካባቢ ታክሲ እየነዳ ሁሉን በጥሬ ገንዘብና በዴቢት ካርድ የሚከፍል፣ የቤት ኪራዩን አንድም ቀን ያላሳለፈ፣ በየሳምንቱ ዕቁብ የሚጥል ሰው በኅብረተሰቡ ዘንድ የታመነ ሊሆን ይችላል፤ ወንፊቱ ግን አያየውም። ዴቢት ካርድ የራስን ገንዘብ ማውጫ እንጂ ብድር አይደለምና አይመዘገብም። የቤት ኪራይ፣ አከራዩ ወይም ይህን ሥራ የሚሠራ ድርጅት ካላስመዘገበው፣ እንዲሁ ይቀራል። ዕቁብ ደግሞ ከሁሉ የሚያስቆጭ ነው፤ ዕጣ የደረሰው ሰው የወሰደውን በየሳምንቱ እየከፈለ የሚጨርስበት፣ ለዚህም ዋስ የሚጠራበት፣ በአሠራሩ ወለድ የሌለው ብድር ሆኖ ሳለ፣ የአሥር ዓመት ታማኝነት በዳኛውና በጸሐፊው ደብተር ውስጥ ተቀብሮ ይቀራል። ነገሩ መፍትሔ የማይገኝለት እንዳልሆነ በሳን ፍራንሲስኮ የሚገኘው ሚሽን አሴት ፈንድ የተባለ በጎ አድራጎት ድርጅት አሳይቷል፤ በላቲን አሜሪካ ስደተኞች ዘንድ የነበረውን፣ ከዕቁብ ጋር እጅግ የሚመሳሰል ልማድ በጽሑፍ ውል አጽንቶ፣ የእያንዳንዱን አባል ክፍያ ለክሬዲት ቢሮዎች ያስመዘግባል። ከኢትዮጵያውያን ማኅበራት አንዳንዶቹ ይህን ፈለግ ቢከተሉ ለአባሎቻቸው የሚሰጡት ጥቅም ከድግስና ከስብሰባ የላቀ በሆነ ነበር።

ለጀማሪው የተለመደው በር «ሴኪዩርድ ካርድ» የሚባለው፣ ገንዘብ አስይዘው የሚወስዱት ካርድ ነው። አመልካቹ ብዙውን ጊዜ ከ200 ዶላር ጀምሮ ያስይዛል፤ የብድር ጣሪያውም በአብዛኛው የተያዘውን ያህል ይሆናል፤ ከተወሰኑ ወራት መልካም አከፋፈል በኋላ ባንኩ መያዣውን መልሶ ካርዱን ወደ ተራ ካርድ ሊለውጥለት ይችላል። ከማስያዙ በፊት ግን ባንኩ ለሦስቱም ክሬዲት ቢሮዎች መረጃ እንደሚልክ መጠየቅ ይገባል፤ ካልላከ ገንዘቡ ያለ ጥቅም ታስሮ ይቀራል። ሁለተኛው በር በቤተ ዘመድ በኩል ነው፤ የቆየና ንጹሕ ካርድ ያለው ሰው ዘመዱን በካርዱ ላይ ተጨማሪ ተጠቃሚ ካደረገው፣ የዚያ ካርድ ታሪክ በአብዛኛው በዘመዱም መዝገብ ላይ ይሰፍራል። ዕዳውን የመክፈል ኃላፊነት የሚቀረው በዋናው ባለ ካርድ ላይ ስለሆነ፣ የአገር ቤቱ ዋስትና በሌላ መልኩ የሚመለሰው እዚህ ላይ ነው፤ መተማመኑም ሆነ ጠቡ የዚያኑ ያህል ነው።

አንድ ችግር ግን ኢትዮጵያውያንን በተለየ ሁኔታ ይመለከታል፤ እርሱም የስም ጉዳይ ነው። ክሬዲት ቢሮዎች ከየአቅጣጫው የሚመጣውን መረጃ የአንድ ሰው መሆኑን የሚያውቁት ስምን፣ የትውልድ ቀንን፣ አድራሻንና የሶሻል ሴኪዩሪቲ ቁጥርን በማመሳከር ነው። ኢትዮጵያዊው የቤተሰብ ስም የለውም፤ የራሱ፣ የአባቱና የአያቱ ስም ነው ያለው። በአንዱ ቅጽ የአባቱ ስም፣ በሌላው የአያቱ ስም የመጨረሻ ስም ሆኖ ይገባል። በዚህ ላይ እንደ ጸ፣ ጨ፣ ቀና ጰ ያሉት ድምፆች በላቲን ፊደል አንድ ወጥ አጻጻፍ የላቸውምና፣ ጸሐይ የተባለች ሴት በባንኩ በ«ቲ» እና «ኤስ»፣ በስልክ ኩባንያው በ«ኤስ» ብቻ ተጽፋ ልትገኝ ትችላለች፤ ገብረ፣ ወልደና ኃይለ የሚቀድሟቸው ስሞችም አንዴ ተቀጥለው አንዴ ተነጣጥለው ይጻፋሉ። የትውልድ ቀን ያልተመዘገበላቸው በርካታ ስደተኞች በወረቀት ላይ ሁሉም ጃንዋሪ 1 የተወለዱ መሆናቸው ሲታከልበት፣ የአንዱ ሰው ታሪክ ለሁለት መከፈሉ ወይም የሁለት ሰዎች ታሪክ በአንድ መዝገብ መደባለቁ የሚያስደንቅ አይሆንም። ስለዚህ በሶሻል ሴኪዩሪቲ ካርዱ ላይ ያለውን አጻጻፍ በየቦታው ሳይለውጡ መጠቀም፣ አድራሻ ሲለወጥም ለፖስታ ቤት ብቻ ሳይሆን ለየባንኩ ማሳወቅ፣ ትንሽ የሚመስል ግን ብዙ የሚያደርግ ጥንቃቄ ነው። ለሁለት የተከፈለ መዝገብ ያለው ሰው በሁለቱም በኩል ግማሽ ሰው ስለሆነ በወንፊቱ አያልፍም።

መዝገቡን ማየት በነፃ ነው። አንዩዋል ክሬዲት ሪፖርት በተባለው የሦስቱ ክሬዲት ቢሮዎች የጋራ ድረ ገጽ ማንም ሰው በየሳምንቱ ያለ ክፍያ ሊመለከተው ይችላል፤ የራስን መዝገብ ማየትም ነጥብ አይቀንስም። ስሕተት የተገኘበት ክፍል በጽሑፍ ሲከራከሩበት ክሬዲት ቢሮው በአብዛኛው በ30 ቀን ውስጥ መርምሮ መልስ መስጠት አለበት። ከሆስፒታል የመጣ ዕዳ በመዝገቡ ላይ ከተገኘ በተለይ መመርመር ይገባዋል፤ ክሬዲት ቢሮዎቹ የተከፈለ የሕክምና ዕዳን ከ2022፣ ከ500 ዶላር በታች የሆነውን ደግሞ ከ2023 ጀምሮ ከመዝገብ እንደሚያወጡ አስታውቀዋልና። ይህን ሁሉ በብዙ መቶ ዶላር እንሠራላችኋለን የሚሉ «ክሬዲት አስተካካዮች» በየማኅበረሰቡ አይጠፉም፤ በ1996 የወጣው ሕግ ሥራውን ሳይፈጽሙ አስቀድመው ገንዘብ እንዳይቀበሉ ይከለክላቸዋል፤ እውነተኛ የሆነን መጥፎ ታሪክም ገንዘብ ተቀብሎ ሊፍቅ የሚችል የለም።

ሁሉን አሟልቶ ግብዣ የማይመጣለት ሰው ሊያስባቸው የሚገቡ ሌሎች ምክንያቶችም አሉ። አንደኛው ከዝርዝሩ ራሱን አስወጥቶ መርሳቱ ነው። በግብዣ ደብዳቤ ግርጌ ሁልጊዜ በሚጻፈው ማስታወቂያ መሠረት፣ በስልክ 1-888-567-8688 ደውሎ ወይም በድረ ገጽ አስታውቆ ለ5 ዓመት፣ ፎርም ፈርሞ በመላክ ደግሞ ለዘለቄታው ግብዣ እንዳይላክ ማድረግ ይቻላል፤ ከዓመታት በፊት በማስታወቂያ ብዛት ተማርሮ ይህን ያደረገ ሰው፣ በዚያው ቁጥር ደውሎ ራሱን መመለስ ይኖርበታል። ሁለተኛው ዕድሜ ነው፤ የ2009 የክሬዲት ካርድ ሕግ ዕድሜው 21 ያልሞላ ሰው ራሱ ካልፈቀደ በስተቀር ስሙ ለዚህ ዓይነት ምርጫ እንዳይሰጥ ያግዳል። ሦስተኛው ከማንም እጅ ውጭ ነው፤ ባንኮች ስጋት ሲገባቸው ደብዳቤ መላካቸውን ይቀንሳሉ፤ በ2008ቱ የገንዘብ ቀውስና በ2020 ወረርሽኝ ጊዜ ግብዣው በእጅጉ መመናመኑ፣ የሰዎች ነጥብ በአንድ ሌሊት ስለወደቀ አልነበረም።

ግብዣው ሲመጣ ደግሞ ከፊት ገጹ ይልቅ በጀርባው ያለው ሠንጠረዥ መነበብ አለበት። በ1988 የወጣው ሕግ ወለድ፣ ዓመታዊ ክፍያና ቅጣት በአንድ ሣጥን ውስጥ ተለይተው እንዲጻፉ አስገድዷል፤ ሣጥኑም ሕጉን ባራመዱት ቻክ ሹመር ስም የሹመር ሣጥን ሲባል ይኖራል። ከ2023 ወዲህ የአሜሪካ ክሬዲት ካርዶች አማካይ ዓመታዊ ወለድ ከ20 በመቶ በላይ ሆኖ ስለቆየ፣ ዕዳውን በየወሩ ጨርሶ ለማይከፍል ሰው የግብዣው መምጣት ካለመምጣቱ ይልቅ ሊያሰጋው ይገባል። ዜሮ ወለድ የሚል ግብዣም ዜሮው ስንት ወር እንደሚቆይና ከዚያ በኋላ ወለዱ ስንት እንደሚሆን በዚሁ ሣጥን ውስጥ ተጽፎ ይገኛል።

ያመለከተ ሰው ቢከለከል፣ ባንኩ የተሟላ ማመልከቻ በደረሰው በ30 ቀን ውስጥ ውሳኔውን ማሳወቅ አለበት፤ ለክልከላው የነጥብ መረጃ ተጠቅሞ ከሆነም የተጠቀመበትን ነጥብ፣ መረጃውን የሰጠውን ክሬዲት ቢሮ ስምና ነጥቡን ዝቅ ያደረጉትን ዋና ዋና ምክንያቶች፣ ብዙውን ጊዜ አራት የሚሆኑትን፣ ይገልጻል። አመልካቹ በ60 ቀን ውስጥ ከጠየቀም ያንኑ መዝገብ በነፃ የማግኘት መብት አለው። ብዙ ሰዎች ይህን ደብዳቤ በንዴት ቀድደው ይጥሉታል፤ ነገር ግን ዲዳው ዋስ ለባንኩ ምን እንደነገረው ለባለቤቱ በጽሑፍ የሚገልጽ ወረቀት ከዚህ ሌላ በቀላሉ አይገኝም፤ ምክንያቶቹም አብዛኛውን ጊዜ እንደ ክብደታቸው ቅደም ተከተል ስለሚዘረዘሩ፣ በቀጣዮቹ 6 ወራት አስቀድሞ ሊታረም የሚገባው በአንደኛው መስመር ላይ የተጻፈው ነው።